ሁለተኛ የአፍንጫ ቀዶ ጥገና፦ ልጠብቅ፣ ልሠራ ወይስ ልተወው?

ሰላም_ዱባይ

ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ኢስታንቡል ውስጥ የተሠራ ሲሆን 9 ወር አልፎታል። በክፍት ዘዴ ነው፤ በሁለቱ ቀዳዳዎች መሐል ባለችው ምሰሶ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። ጀርባው ላይ የነበረው ጉብታ ተነሥቷል፣ አጥንቱ በሁለቱም ጎን ተሰብሮ እንዲጠብ ተደርጓል፣ ጫፉም ቀጥኗል። ቆዳዬ ወፍራምና ወዛም ነው። ሲጋራ አላጨስም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጫት አለ፣ አንዳንዴም ሺሻ።

ያልተስማማኝ ሁለት ነገር ነው። ከጎን ሲታይ ከጫፉ በላይ ያለው ቦታ ሞልቶ የበቀቀን ምንቃር መስሏል። በግራ በኩል ደግሞ አየር ጠለቅ አድርጌ ስስብ የአፍንጫዬ ክንፍ (የቀዳዳው የውጭ ጎን) ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ሩጫ ላይ ጭራሽ ይዘጋል።

የሠራኝ ሐኪም «ዓመት ሲሞላሽ ነይ፣ ያለ ክፍያ አስተካክላለሁ» ብሏል። እዚህ ያማከርኩት ሌላ ሐኪም ከጎድን ካርቲሌጅ (ልስልስ አጥንት) ተወስዶ እንደገና መገንባት አለበት ይላል። አንድ የውበት ክሊኒክ ደግሞ በፊለር (ከቆዳ ሥር በሚወጋ መሙያ) 15 ደቂቃ ውስጥ አስተካክላለሁ ባይ ነው። የማንን ልስማ? መቼ ነው መወሰን ያለብኝ? ጎድን የግድ ነው? ጭራሽ ባልነካውስ?

ከአንገት_በላይ

እህቴ፣ ሙላቱንና አየሩን በአንድ ገመድ አትሰሪያቸው። የሚጠብቁት ጊዜም መፍትሔያቸውም ይለያያል።

ስለ ሙላቱ፦ ወፍራም ቆዳ ላይ 9 ወር ገና ነው። እብጠት ከላይ ጀምሮ ነው የሚቀንሰው፤ በዓይኖች መካከል ያለው ክፍል ቶሎ መልኩን ሲይዝ፣ ጫፉና ከጫፉ በላይ ያለው ቦታ ግን መጨረሻ ይደርሳል። ስስ ቆዳ ላይ 12 ወር አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው። እንዳንቺ ያለው 18 ወር፣ አንዳንዴም 2 ዓመት ይወስዳል። ጠዋት ጎልቶ ማታ የሚቀንስ ከሆነ እብጠቱ አላለቀም።

እብጠቱ አልቆም የሚቀር ሙላት ካለ ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው። አንደኛው ጠባሳ ነው። ጉብታው ከልክ በላይ ሲነሣ ወፍራሙ ቆዳ ያን ያህል ተኮማትሮ ከሥሩ ላይ መለጠፍ ያቅተዋል፤ በመሐል ባዶ ቦታ ይቀርና በጠባሳ ይሞላል። ሁለተኛው፣ የሴፕተሙ (የመሐል ግድግዳው) ጠርዝ እዚያ ቦታ ላይ በበቂ ሳይቀነስ ሲቀር ነው። ሦስተኛው ጫፉ ድጋፉን ሲያጣ ነው፤ ያኔ ሙላቱ ከፍ አላለም፣ ጫፉ ነው የወረደው። ለግምት ያህል ቦታውን በጣት ተጫኚው። የሚለመጥ ከሆነ ጠባሳ ወይም እብጠት፣ ጠንክሮ ንቅንቅ የማይል ከሆነ ካርቲሌጅ ነው። ጫፉን በጣትሽ ትንሽ ወደ ላይ ስታነሺው ጎኑ የሚስተካከል ከሆነ ደግሞ የጎደለው ድጋፍ ነው።

መድኃኒታቸው ተቃራኒ ስለሆነ ነው ይህን ሁሉ የምዘበዝበው። ጠባሳን ካርቲሌጅ ነው ብሎ እንደገና የሚቀንስ ሐኪም ባዶውን ቦታ ያሰፋዋል፤ ጠባሳውም ብሶ ይመለሳል። ለማንኛውም ሐኪም የመጀመሪያ ጥያቄሽ «ከሦስቱ የቱ ነው? በምንስ አወቁ?» ይሁን። አፍንጫሽን በእጁ ሳይነካ በፎቶ ብቻ የሚመልስልሽ ከሆነ መልሱን አትቁጠሪው።

አየሩ ሌላ ነው። ከቀዳዳው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በሴፕተሙና በላይኛው የጎን ካርቲሌጅ መካከል ያለው መተላለፊያ የውስጥ ቫልቭ ይባላል፤ ከአየር መንገዱ ሁሉ ጠባቡ እሱ ነው። በቀጭን አፍንጫ ላይ ማዕዘኑ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ ነው፤ በሰፊ አፍንጫ ላይ ከዚያ ይበልጣል። ጉብታ ሲነሣ የጎን ካርቲሌጆቹ ከሴፕተሙ ይላቀቃሉ፤ በደንብ ተመልሰው ካልተያዙ ወደ ውስጥ ይወድቃሉ። ከፊት ስትታዪ አጥንቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ «ለ» ፊደልን የሚመስል ጥላ ካለ ምልክቱ ይኸው ነው። የሚሰረጉደው ክንፉ ራሱ ከሆነ ግን ጉዳዩ ዝቅ ብሎ ነው፤ ጫፉን ለማቅጠን ከታችኛው ካርቲሌጅ ብዙ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ያ ካርቲሌጅ ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ሊቀርለት ይገባል፤ ከዚያ ሲያንስ አየር ሲሳብ መቆም ያቅተዋል።

ጉንጭሽን ከአፍንጫሽ አጠገብ ይዘሽ ወደ ጎን ጎተት አድርጊና ተንፍሺ። አየሩ ከተከፈተ ቫልቩ ይጠረጠራል፤ ነገር ግን ጤነኛ አፍንጫም በዚህ ትንሽ ስለሚከፈት ብቻውን አያስተማምንም። ሐኪሙ ጫፉ ጥጥ በሆነ ቀጭን ዘንግ ከውስጥ መጀመሪያ ክንፉን፣ ቀጥሎ ከፍ ብሎ የጎን ካርቲሌጁን እየደገፈ የትኛው ላይ አየሩ እንደሚከፈት ይለያል። ከዚያ ኦክሲሜታዞሊን ስፕሬይ ነፍቶ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና ይፈትናል። በስፕሬዩ ከተከፈተ ያበጠው የውስጡ ሥጋ ነው፤ እሱ የአለርጂ ሕክምና እንጂ ካርቲሌጅ አይፈልግም። (ስፕሬዩን ቤት ወስደሽ አታዘውትሪው። ከጥቂት ቀናት በላይ ሲወሰድ ራሱ አፍንጫ ይዘጋል።)

«ኖዝ» የሚባል መጠይቅም አለ። ላለፈው አንድ ወር አምስት ነገር ይጠይቃል፦ መጨናነቅ፣ መዘጋት፣ በአፍንጫ ለመተንፈስ መቸገር፣ የእንቅልፍ ችግር፣ በእንቅስቃሴ ጊዜ በቂ አየር ማጣት። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ትሰጪና ድምሩን በ5 ታባዢዋለሽ፤ ከ100 ይመጣል። አሁን ሙይው፣ ከሦስት ወር በኋላም ድገሚው። ነጥቡ እየቀነሰ ከሄደ ለመቁረጥ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

እስከዚያ ማታ ማታ አፍንጫ ላይ የሚለጠፈውን ማስፊያ ስትሪፕ ሞክሪ። በእሱ እንቅልፍሽ ከተሻሻለ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ራሱ አንድ ማስረጃ ነው።

ስፌት

«ጎድን የግድ ነው?» ለሚለው፣ መልሱ የተንጠለጠለው ሴፕተምሽ ውስጥ በቀረው ላይ ነው። ሁለተኛ ቀዶ ጥገና በአብዛኛው መቀነስ ሳይሆን መጨመር ነው፤ ለመጨመር ደግሞ ዕቃ ያስፈልጋል። ምርጡ ዕቃ የሴፕተም ካርቲሌጅ ነው፦ ቀጥ ያለ፣ ጠንካራ፣ ሌላ ቁስል የማይፈልግ። ችግሩ፣ የመጀመሪያው ሐኪም ወስዶት ሊሆን ይችላል። ሲወሰድም ከላይና ከፊት በኩል ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ማዕዘን መተው አለበት፤ ብዙዎች 15 ይመርጣሉ። አፍንጫውን የሚያቆመው እሱ ነውና ያ ማዕዘን ለግራፍት (ለሚተከል ቁራጭ) ተብሎ አይነካም። የሚመረምርሽ ሐኪም በሁለቱም ቀዳዳ የጥጥ ዘንግ አስገብቶ ግድግዳውን ቢዳስስ ካርቲሌጅ ያለበትና የሌለበት ቦታ በእጁ ይታወቀዋል፤ የሌለበት ቦታ እንደ መጋረጃ ይወዛወዛል። በኢንዶስኮፕም (በቀጭን መመልከቻ) ግድግዳው ላይ ቀዳዳ አለመኖሩን ማየት አለበት። ስትተነፍሺ ፉጨት የሚሰማሽ፣ ቅርፊትና ደም የሚበዛብሽ ከሆነ ይህን ሳትጠይቂ አትውጪ።

የጆሮ ካርቲሌጅ ከጎድጓዳው ክፍል ይወሰዳል፤ በወጉ ከተወሰደ የጆሮው ቅርጽ አይለወጥም። ሲፈጥረው የጎበጠ ስለሆነ ለሚሰረጉድ ክንፍ ድጋፍና ለጫፍ ሽፋን ይሆናል፤ ረጅምና ቀጥ ያለ ምሰሶ ለማቆም ግን ይለፈሰፋል። መጠኑም ትንሽ ነው። የክንፉ ጠርዝ ወደ ላይ ተሰብስቦ ቀዳዳው ከበዛ ደግሞ ከጆሮ ቆዳና ካርቲሌጅ አንድ ላይ ተቆርጦ ይተከላል።

ጎድን መጋዘኑ ሙሉ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ6ኛው ወይም ከ7ኛው ይወሰዳል፤ ለሴት ቁርጡ ከጡት ሥር ባለው እጥፋት ላይ ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሦስት ነገር ጠይቂ። አንድ፣ መጣመም። ጎድን ሲጠረብ ውስጡ የነበረው ውጥረት ስለሚላቀቅ ይጣመማል፤ ስለዚህ ከመሐል ሚዛኑን ጠብቆ ይጠረባል ወይም በሰያፍ ይሰነጠቃል፣ ጨው ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ሲጣመም አይጣመም ታይቶ ነው የሚሰፋው። ሁለት፣ የሳንባ ሽፋን። ካርቲሌጁ ከወጣ በኋላ ቁስሉ በጨው ውሃ ተሞልቶ ሰመመን ሰጪው ሳንባውን በአየር ይነፋል፤ አረፋ ካልወጣ ሽፋኑ አልተቀደደም። ሦስት፣ መጠጠር። ዕድሜ ሲገፋ ጎድኑ ወደ አጥንት ይለወጣል፤ ስለዚህ ከ40 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው አንዳንድ ሐኪም የደረት ሲቲ ያዛል። ከተሳካ በኋላም በጎድን የተሠራ ጫፍ ጠንካራ ነው። ስትስቂ አይንቀሳቀስም፣ በጣት አይታጠፍም። ይህን አስቀድሞ የማይነግርሽ ሐኪም ካለ ቅር ይበልሽ።

ላንቺ ምን ይበቃል? በጽሑፍ ብቻ ከታየ፣ የጎደለው የጫፍ ድጋፍና አንድ ደካማ ክንፍ ከሆነ፣ ሴፕተሙም ካልተነካ፣ ጎድን ብዙ ነው። የላይኛው የጎን ካርቲሌጅ ከወደቀ ስፕሬደር ግራፍት ይገባል፤ ጃክ ሺን በ1984 ያስተዋወቁት፣ በሴፕተሙና በጎን ካርቲሌጁ መሐል የሚሰካ ክብሪት የሚያህል ቀጭን እንጨት ነው በይው፣ ከካርቲሌጅ የተሠራ። ለክንፉ የጎን ድጋፍ ይገባል። ሁለቱም ከሴፕተም ይወጣሉ፣ ከተረፈ። ካልተረፈ ግን የዱባዩ ሐኪም ጎድን ማለቱ ለገንዘብ ነው ብለሽ አትጠርጥሪ።

ሰላም_ዱባይ

ዶክተሮች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኖዝ ነጥቤ 55 መጣ። ጫፉን በጣቴ ሳነሣው ጎኑ ግማሽ ያህል ይስተካከላል፣ የቀረው ሙላት ሲጫኑት ይለመጣል። ካርቲሌጅ ተወስዶ ይሁን አይሁን ግን አላውቅም። ሐኪሙን በዋትስአፕ ስጠይቀው የቀድሞና የአሁን ፎቶ ብቻ ነው የላከልኝ። አስተባባሪዋም «ሪፖርት አያስፈልግሽም፣ እሱ ያስታውሰዋል» አለች።

ተርጁማን

ያስታውሰዋል የሚባል ነገር የለም፤ ወረቀት ነው የሚፈለገው። ቱርክ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሰነዶች አሉ፣ ሰው ሁልጊዜ ያምታታቸዋል። «ኤፒክሪዝ» ከሆስፒታል ስትወጪ የሚሰጥ አጭር ማጠቃለያ ነው፤ «ራይኖፕላስቲ ተሠራ፣ በሰላም ወጣች» ከማለት አያልፍም። የምትፈልጊው «አሜሊያት ኖቱ» የሚሉትን፣ ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው ውስጥ ያደረገውን በተራ የጻፈበትን ነው። አስተባባሪዋን ተይና በቀጥታ ለሆስፒታሉ የታካሚ መብቶች ክፍል በኢሜይል ጻፊ፤ የፓስፖርትሽን ኮፒና የቀዶ ጥገናውን ቀን አያይዢ። በ1998 የወጣው የአገሪቱ የታካሚ መብቶች ደንብ ታካሚው ፋይሉን እንዲያይና ኮፒ እንዲወስድ ይፈቅዳል፤ ይህን በደብዳቤው ላይ መጥቀስ መልሱን ያፈጥነዋል። ሰመመን የተሰጠበትን ቅጽም አብረሽ ጠይቂ።

ሲመጣልሽ ለትርጉም ከመክፈልሽ በፊት ራስሽ ቃኚው፦ «ክክርዳክ» ካርቲሌጅ ነው፣ «ኩላክ» ጆሮ፣ «ካቡርጋ» ወይም «ኮስታ» ጎድን፣ «ግሬፍት» የተተከለ ነገር። ሰው ሠራሽ ዕቃ ገብቶ ከሆነ የምርት ቁጥር ያለው ተለጣፊ ወረቀት ፋይሉ ውስጥ መኖር አለበት፤ እሱንም በስም ጥሪና ጠይቂ።

«ያለ ክፍያ» የተባለውን ደግሞ ውሉ ላይ አንብቢው። ብዙ ጊዜ ነጻ የሚሆነው የሐኪሙ ድካም ብቻ ነው፤ የቀዶ ጥገና ክፍል፣ ሰመመን፣ ጎድን ካስፈለገ የሌሊት አልጋ፣ የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪ ያንቺ ይሆናል። የጊዜ ገደብም አለው፤ አንዳንዱ 12 ወር ካለፈ ይቃጠላል። አሁኑኑ «ቆዳዬ ወፍራም ስለሆነ እስከ 18 ወር ይራዘምልኝ» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። አዎ ካለ ምንም አልጎደለብሽም። እምቢ ካለ ደግሞ አፍንጫሽ ሳይደርስ ሊቆርጥ እንደሚፈልግ ታውቂያለሽ።

ጎንዮሽ

የቆዳ ሐኪም ነኝ፤ ስለ ፊለሩ ብቻ ልናገርና ልውጣ ብዬ ነበር፣ ረዘመብኝ።

ፊለሩን አትወጊ። ማንኛውም አፍንጫ ላይ ፊለር አደገኛ ነው፤ የአፍንጫ ጀርባ ደም ሥሮች ወደ ዓይን ከሚሄዱት ጋር ይገናኛሉ፣ ፊለር ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳ ይሞታል፣ ዓይንም ሊታወር ይችላል። ቀዶ ጥገና ያየ አፍንጫ ላይ ይብሳል፤ ደም ሥሮቹ ከቦታቸው ተዛውረዋል፣ በጠባሳ ተይዘው ከመርፌው መሸሽ አይችሉም። ሙላት ላለበት አፍንጫ ፊለር መውጋት ደግሞ ሙላቱን ለመደበቅ ከላዩ ሌላ ሙላት መከመር ነው። ሊሠራሽ የሚፈልግ ክሊኒክ ቢያንስ ሃያሉሮኒዴዝ የተባለውን ማሟሟቻ እዚያው ክፍል ውስጥ ያሳይሽ። ከተወጋ በኋላ ቆዳ ከነጣ ወይም እንደ መረብ ከጠቆረ፣ ሕመም ከበረታ፣ እይታ ከደበዘዘ የደቂቃ ጉዳይ ነው። ሲልከን ዘይት ወይም «ዘላቂ» የሚባለውን የሚያቀርብ ካለ ሳትሰናበቺ ውጪ። አንዴ ፊለር ከገባ የሚቀጥለው ቀዶ ሐኪምም አፍንጫሽን በትክክል መመርመር ያቅተዋል፤ መጀመሪያ ይሟሟል፣ እብጠቱ እስኪወርድ ይጠበቃል።

የሚለመጠው ሙላት ጠባሳ ከሆነ ከቢላ በፊት የሚሞከር ነገር አለ፤ ትራያምሲኖሎን (ኬናሎግ) መርፌ። የተለመደው 10 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ነው፤ የሚገባው ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሊትር ብቻ፣ ከቆዳው ሥር በጥልቀት፣ ጠባሳው ውስጥ። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ተጠብቆ ታይቶ ይደገማል። የሚበላሸው መድኃኒቱ ቆዳው ውስጥ ሲቀር ወይም ሲበዛ ነው። ቆዳው ይሳሳል፣ ይጎደጉዳል፤ እንደኛ ባለ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ነጣ ያለ ቦታ ይተዋል፣ ያም ለወራት ይቆያል። 40 ሚሊ ግራም የሚለውን ብልቃጥ ሳያቀጥን የሚያነሣ ካየሽ አስቁሚው። ማታ ማታ በማይክሮፖር ፕላስተር ማሰርም ይረዳል፤ ፕላስተሩ ከጫፉ በላይ ባለው ቦታ ላይ በአግድም ይለጠፋል፣ ቆዳው ከቆሰለ ለጥቂት ሌሊት ይታለፋል። 9 ወር ላይ ከፕላስተር ተአምር አትጠብቂ፤ ውጤቱ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው።

ከአንገት_በላይ

ጎንዮሽ፣ በመርፌው እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ጫፉን ስታነሣው ግማሹ ይስተካከላል ብላለች፤ ያ ማለት መርፌው ሙሉ መልስ አይሆንም። ጠባሳው ቢቀልጥም የወረደ ጫፍ የወረደ ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ሁለት ጊዜ መርፌ ተወግተሽ ለውጥ ከሌለ ሦስተኛውንና አራተኛውን አትቀጥዪ፤ ቆዳሽን ለቀዶ ጥገናው አስቀምጪው።

55 ነጥብ ቀላል አይደለም፣ ነገር ግን የሚያስቸኩልም አይደለም። ዓመት ሳይጠበቅ የሚገባበት ሁኔታ ጥቂት ነው፦ መግል፣ በቆዳ ውስጥ ገፍቶ የሚወጣ ግራፍት ወይም ሰው ሠራሽ ዕቃ፣ ቅርጹ በግልጽ እየሰመጠ የሚሄድ አፍንጫ። ከእነዚህ ውጭ ያለው ይጠብቃል። ምክንያቱም ያልበሰለ ጠባሳ ውስጥ ቆዳው ከካርቲሌጁ በወጉ አይላቀቅም፣ ይደማል፣ ሐኪሙ የሚቀርጸውም እብጠት ይሆናል።

«ባልነካውስ» ላልሽው፣ እሱም አንድ እውነተኛ ምርጫ ነው፤ ማንም ስለማይከፈልበት ብቻ ነው የማይነገርሽ። አየርሽ ተሻሽሎ የቀረው 1 ሚሊ ሜትር ሙላት ብቻ ከሆነ እኔ አልነካም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ የደም ዝውውሩ ቀንሷል፣ ሽፋኖቹ ተጣብቀዋል፣ ዕቃው አልቋል። ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው ይብሳል። በአንጻሩ አየር የሚዘጋ ቫልቭ በጊዜ አይድንም፤ መወሰን ያለብሽ በእሱ ነው፣ ጎኑ አብሮ ይሠራል።

በስልክ ፎቶም አትፍረጂ። በ2018 የታተመ አንድ ስሌት በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተነሣ ሰልፊ፣ ከ1.5 ሜትር ከተነሣው ጋር ሲነጻጸር አፍንጫውን 30 በመቶ ያህል አስፍቶ እንደሚያሳይ አሳይቷል። ሌላ ሰው ከ1.5 ሜትር በላይ ርቆ፣ አጉልቶ ያንሣሽ፤ ፊት ለፊት፣ ሁለቱን ጎን፣ ሁለቱን ሰያፍ፣ ከሥር። በየሦስት ወሩ በዚያው ብርሃን ድገሚው። ስለ አፍንጫሽ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ የምታስቢ፣ በእሱ ምክንያት ሥራ ወይም ሰው የምትሸሺ ከሆነ ግን ከሐኪም በፊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ሂጂ። እሱ ሌላ ሕመም ነው፤ በምክርና በመድኃኒት ይሻላል፣ በቢላ ግን አይሻልም።

ሰመመን

ጫትና ሺሻ ስላነሣሽ እኔም ልግባ። የሁለተኛ ቀዶ ጥገና ትልቁ ጠላት ደም መድማት ነው፤ ሐኪሙ የሚሠራው በጠባሳ መሐል ስለሆነ አንዲት ጠብታ እይታውን ትጋርደዋለች። ለዚህ ነው ሊዶኬይን ከ1 ለ100,000 አድሬናሊን ጋር የሚወጋው፣ የደም ግፊትም ሆን ተብሎ ዝቅ የሚደረገው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልክ በተቃራኒው ይሠራል፤ ግፊትንና የልብ ምትን ያንራል፣ ላዩ ላይ አድሬናሊን ሲጨመር ልብ ሊያዛባ ይችላል። የመጨረሻውን ሳምንት ሙሉ ተይው፤ ካልተውሽም ደብቀሽ አትግቢ። ዱባይ ውስጥ ጫት ሕገ ወጥ ስለሆነ ሰው ይፈራል፣ ግን ሰመመን ሰጪው የሚጠይቅሽ መጠኑን ሊያስተካክል ነው።

ሺሻ ከሲጋራ የተለየ የሚመስላቸው አሉ። ኒኮቲን ኒኮቲን ነው፣ ቬፕም ጭምር። ደም ሥርን ያጠባል፤ ሁለቴ የተከፈተ የጫፍ ቆዳ ደግሞ ደም የሚያገኘው ከጥቂት ሥሮች ነው፤ እነሱ ሲጠቡ ቆዳው ይጠቁርና ይሞታል። ቢያንስ 4 ሳምንት በፊት፣ 4 ሳምንት በኋላ።

አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ቫይታሚን ኢ፣ የዓሣ ዘይትና የነጭ ሽንኩርት እንክብል ከ1 እስከ 2 ሳምንት በፊት ይቆማሉ፤ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ አስፕሪን ከሆነ ግን ያዘዘውን ሳትጠይቂ አታቁሚ። ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል። ለብጉር አይሶትሬቲኖይን ወስደሽ ከሆነ፣ ለክብደት ኦዘምፒክን የመሰለ መርፌ የምትወስጂ ከሆነ ተናገሪ፤ ሁለተኛው ምግብን ጨጓራ ውስጥ ያቆያል፣ የሰዓት ስሌታችንን ያዛባል። ጠጣር ምግብ 6 ሰዓት፣ ውሃና ወተት የሌለው ቡና 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ይቆማል፤ ሆስፒታሉ ከዚህ የጠበቀ ካዘዘ የእሱን ያዢ። ከ3 እስከ 5 ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ ሄሞግሎቢንሽ ከወራት በፊት ይታይ፤ ዝቅ ካለ ብረት ለመውሰድ ጊዜ አለሽ።

ሰላም_ዱባይ

የሆስፒታሉን ኢሜይል ጻፍኩ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ከተሠራሁ አዲስ አበባ ሄጄ ማገገም እፈልጋለሁ፤ እናቴ ጋ። ዐቢይ ጾም ላይ ሊውል ይችላል። በረራ፣ ጾም፣ ስግደት እንዴት ይሆናል?

ስፌት

ስፕሊንቱና (አፍንጫውን ደግፎ የሚይዘው) ስፌቱ በ7ኛው ቀን ገደማ ይወጣሉ፤ ከዚያ በፊት ከሐኪምሽ አትራቂ። በረራ ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ ይሻላል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዋና ስጋት ሴፕተም ውስጥ የሚጠራቀም ደም ነው፤ ሁለቱም ቀዳዳ ባንዴ ተዘግቶ ሕመሙ እየበረታ ከሄደ በሰዓታት ውስጥ ካልፈሰሰ የቀረውን ካርቲሌጅ ይበላዋል። አውሮፕላን ላይ ሆኖ ይህ ቢመጣ ማን ያፈስልሻል?

ስግደት ጭንቅላትን ከልብ በታች ስለሚያወርድ ለ3 ሳምንት አይሆንም፤ ቆመሽ ጸልዪ። ጾሙን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ ከጾምሽም ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ አታጉድዪ፣ ቁስል ያለ ፕሮቲን አይድንም። የጎድን ቁስል ካለ ለሁለት ሳምንት ያህል ሲስሉና ሲያስነጥሱ ያማል፤ ትራስ ደረትሽ ላይ አቅፈሽ፣ አፍሽን ከፍተሽ አስነጥሺ። ስለዚህ በርበሬ ከሚታመስበት፣ ምጣድ ከሚጨስበትና ዕጣን ከሚቦለቅበት ቤት ራቅ በይ፤ እናትሽ ከምታፈላው ቡና ላይ ዕጣኑ ብቻ ይቅር። የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ ቅርፊት ይበዛል፤ የጨው ውሃ ስፕሬይ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ንፊ፣ ቅርፊቱን በጥፍር አትንቀዪ። ለ3 ሳምንት አትናፈጪ። መነጽር ለ6 ሳምንት አፍንጫሽ ላይ አይረፍ፤ ግንባርሽ ላይ በፕላስተር ይያዝ።

የቱርኩ ሪፖርት ሲመጣ ስምሽንና የፋይል ቁጥርሽን ሸፍነሽ «ግሬፍት» የሚለውን አንቀጽ ብቻ እዚህ ለጥፊው። ጎድን ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለውን ያኔ እናየዋለን።